ያልዞረው ቴፕ

በ1994 ማርች ነበር። ወይስ ፌብሩዋሪ? ራዲያ የምታስታውሰው የለውዝ ዛፎቹን አበባ ነው፤ ደግሞም ረመዳን ገብቶ ሰው ሁሉ በትንሽ በትልቁ የሚቆጣበት ሰሞን ነበር። ብቻ እሷ የምትሠራበት የስፋክስ ከተማ የቋንቋ ጥናት ማዕከል ኮምፒውተር ዲስኩ የተቃጠለው ያኔ ነው።

ማሽኑን የሚጠብቀው ናስር ዳህመን የቀርቀና ደሴት ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ወጣትነቱን ሬዲዮ ሲጠግን አሳለፈ፤ ዩኒክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጸጉሩ መሸበት ከጀመረ በኋላ ተማረ። ከደሴቱ በተመለሰ ቁጥር ደረቅ ኦክቶፐስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣና ለባልደረቦቹ እያደለ፣ "እናንተ ስፋክሶች ከባሕር የምታውቁት ዋጋውን ብቻ ነው" ይላቸዋል። እነሱ መልሰው ሲቀልዱበት ግን ትንሽ ዘግይቶ ነበር የሚስቀው። ኩራት ይመስላቸው ነበር።

ራዲያ የደሴቱን ሽማግሌዎች ንግግር ከካሴት እየሰማች ቃላቱን ለመዝገበ ቃላት ወደ ኮምፒውተሩ ታስገባለች። ካሴት እንደ ልብ ስለማይገኝ ተሰምቶ ባለቀው ላይ ሌላ ይቀዳበታል። ከተናጋሪዎቹ አንዷ የናስር እናት ነበሩ፤ በዘንባባ ዝንጣፊ የዓሣ ወጥመድ ሲሠራ እያንዳንዱ ቋጠሮ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። መዝገበ ቃላቱ ሳይታተም ሞቱ።

"ሲ ናስር፣ ይሄ ቢጠፋ እኔም አብሬ ነው የምጠፋው" ትለዋለች ራዲያ፤ "ሲ" ማለት እዚያ "አቶ" እንደ ማለት ነው።

"አትጠፊም። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ኮምፒውተሩ መጠባበቂያ ቴፕ እገለብጠዋለሁ።"

አንድ ቀን እንዴት እንደሚገለብጠው አሳያት። ማሽኑ ውስጥ የመሣሪያዎች ስም የተደረደረበት ማህደር አለ፤ ለአታሚው አንድ ፋይል፣ ለቴፑም አንድ ፋይል።

"ውስጡ ምን አለ?"

"ምንም። ሁለት ቁጥር ብቻ። አንዱ የትኛው ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ እንደሚጠራ ይናገራል፣ ሌላው ከመሣሪያዎቹ የትኛው እንደሆነ። እዚህ ስም ላይ የምትጽፊው እዚህ አይቀመጥም፤ ድራይቨሩ ተቀብሎ ቴፑ ላይ ያሰፍረዋል።"

"ድራይቨሩ ባይኖርስ?"

"ማሽኑ ይጮኻል። አንቺ ደግሞ፣ መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ።"

ዲስኩ ሲቃጠል ቴፖቹ ወጥተው ታዩ። የድሮዎቹን እርጥበት በልቷቸው ከተጣሉ ቆይተዋል፤ በምትካቸው የተገዙት ላይ አንዲት ፊደል አልነበረችም። ከቱኒስ የመጣው ባለሙያ ከዲስኩ ያተረፈው የስሞቹን ዝርዝር ብቻ ነው። በዝርዝሩ ላይ የቴፑ ስም ከነቁጥሮቹ ሳይሆን እንደ ተራ ፋይል ሰፍሯል። ናስር ያን ጊዜ ገባው፤ በጋ ላይ የማይሠሩ ስሞችን ሲያጸዳ የቴፑንም አብሮ ሰርዞት ኖሯል። መገልበጫው ፕሮግራም ስሙን ሲያጣ አልጮኸም። በዚያው ስም አዲስ ተራ ፋይል ፈጥሮ፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ቅጂውን እዚያው ዲስክ ላይ ሲያኖር ከረመ። ዋናውም ቅጂውም አንድ ላይ ተቃጠሉ።

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን መታ። "ቴፑ ሲዞር እኮ ኮሪደር ድረስ ያፏጫል! ይሄን ሁሉ ወር ዝም ሲል አልሰማህም?"

"ምን አሉኝ?" አለ ናስር።

"ይሄን ጊዜም ቀልድ!" አለ አንዱ፤ ተሳቀ። ራዲያ አልሳቀችም። ናስር የዳይሬክተሩን ከንፈር ነበር የሚያየው።

በማግሥቱ መልቀቂያ አስገባ። ያባረረው የለም፤ ቆይ ያለውም የለም።

ራዲያ ባዶው ስክሪን ፊት ተቀምጣ ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ናስር እናቱ የወጥመዱን ቋጠሮ ሲያስሩና ሲፈቱ እያየ ነው ያደገው፤ ቃላቱ አሁን ካሉ እሱ ጋ ነው ያሉት። ለእሷ በቃሉ ይነግራት ይሆን? ወይስ ከዚህ ሁሉ በኋላ የእናቱን ስም ማንሳት ጭካኔ ነው? ይህን ስታመነታ ወደ ደሴቱ የሚመለስበት ቀን ደረሰ። እርሳስና ወረቀት ይዛ ወደ ወደቡ ሮጠች።

የጀልባው መግቢያ ተዘግቷል። ናስር ላይኛው ወለል ላይ ከዓሣ ነጋዴዎች መሐል ቆሞ አያት። ልትሰናበተው የመጣች መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። እሷም ግራ ገብቷት እጇን አነሳች፤ ጀልባው ከወደቡ ተላቀቀ።