ጋራ ሙለታ ላይ ያልበረደኝ እግር

ድሬዳዋ ተወልዶ፣ ድሬዳዋ ጎልምሶ፣ እግሩን ውርጭ የበላው ሰው እኔ ነኝ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ሥራዬ ታይዋን ገበያ ውስጥ ቬንትሌተር መጠገን ነው፤ ከተማው በጋለ ቁጥር እኔ እበላለሁ። ሞያውን ማንም አላስተማረኝም። እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ ኤሌክትሪክ እየመታኝ ነው የተማርኩት። የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣ።

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ግን ውርጭ ከመምታቱ በፊት ነው። አንድ ቀን ሳቢያን ሰፈር ከባጃጅ ወርጄ ቤት ስገባ ሚስቴ ሰናይት፣ "አንተ፣ አንዱ ሸበጥህ የታለ?" አለችኝ። ዞር ብዬ ባይ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከእግሬ ሲወልቅ አልተሰማኝም። ሳቅን። ያኔ ውሃ ጠጥቼ አልረካም፣ ሽንትም ያመላልሰኝ ነበር። ድሬ ላይ ደግሞ ውሃ የማይጠማው ማነው? በሙቀቱ አሳብቤ ተውኩት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ጓደኛዬ አብዲ፣ የሚኒባስ ሹፌር ነው፣ "ዘመዶቼ ጋ ሄደን ጋራ ሙለታን እንውጣ" አለኝ። መንገዱን የሚያውቀው የአጎቱ ልጅ ጀማል ከፊት መራን። ጎህ ሲቀድ ሣሩ ነጭ ሆኗል፤ የቆመ ውሃ ላይ መስታወት የመሰለ በረዶ ተጋግሯል። አብዲ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ "አቦ! እግሬ የለም በቃ!" ይላል።

"የድሬ ሙቀት እግሬ ውስጥ ተጠራቅሟል፣ ላበድርህ?" አልኩት።

አንድ ጅረት ስንሻገር በረዶው ተሰበረና ቀኝ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ። ጀማል "ካልሲህን ቀይር" አለኝ። ለምን ብዬ? አልበረደኝም። በረጠበው ሸራ ጫማ ሽቅብ ወጣሁ።

ጫፉ ላይ ጀማል እሳት አነደደ። እነሱ እግራቸውን ጠጋ ያደርጋሉ፣ ሲያቃጥላቸው ይመልሳሉ። እኔ ዘርግቼ ወሬዬን ቀጠልኩ።

አብዲ አሸተተ። "ምንድነው የሚሸተው?"

"ያንተ ካልሲ ነዋ።"

ወደ እሳቱ አየ። "ወላሂ እግርህ ነው!" ብሎ በብብቴ ይዞ ጎተተኝ።

ጫማው ቀልጧል። ካልሲው ከቆዳዬ ጋር ወጣ። መርገጫዬ ተልጧል። ጣቶቼ እንደ ሻማ ነጥተዋል። አየኋቸው። አላመመኝም። አልደነገጥኩም። የሌላ ሰው እግር ነበር የሚመስለው።

እየተፈራረቁ አዝለው አወረዱኝ። አብዲ ጀርባ ላይ ሆኜም ቀለድኩ። "ዝም በል በቃ" አለኝ። ያለቅስ ነበር።

ድሬ ሆስፒታል ገባሁ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ከመሀል አገር የመጣች። "ስኳር እንዳለብዎት መቼ ነው ያወቁት?" አለችኝ። ድሬ ላይ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው የሚባለው። "እርስዎ" ስባል መሞቴ ነው አልኩ።

"ስኳር የለብኝም" አልኳት።

ጣቴን ወጋችኝ። ማሽኑ ቁጥር መስጠት አቃተው፤ ከልኩ በላይ ነው ብሎ ተወው።

"የእግርዎ ነርቭ ከተጎዳ ቆይቷል" አለች። "ዳያቤቲክ ኒውሮፓቲ ይባላል። ብርዱም እሳቱም ያልተሰማዎት ለዚህ ነው።"

ስፎክርበት የነበረው በሽታዬ ነበር።

ከቀናት በኋላ ሁለት ጣቶቼ ጠቆሩ። "ሥጋው ሞቷል፣ ጋንግሪን ነው" አለች። "ሁለቱን ጣቶች እናወጣለን። ወደ ላይ መውጣቱን ካልተወ ግን ከጉልበት በታች ነው የምንቆርጠው።"

ቆረጡ። ጠበቅን። ጠዋት ጠዋት ፋሻው ይፈታል። ሰናይት ታያለች። እኔ ጣሪያ አያለሁ። ጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር ይንቋቋል። የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። ልጠግነው አላልኩም። ሰናይት "ተናገር እንጂ፣ ስድብም ቢሆን" አለችኝ። አፌም እንደ እግሬ ደንዝዞ ነበር።

አንድ ጠዋት ዶክተሯ ቁስሉን ነካክታ ቀና አለች። "ቆሟል። እግርዎ ተርፏል።"

ሰናይት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ፣ "እንግዲያው ይሄን ቬንትሌተር አውርዱልኝ" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ኢንሱሊን ራሴን መውጋት ተማርኩ፣ በምርኩዝ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ቀስ እያልኩ መሻገር ጀመርኩ፣ አብዲም ሁልጊዜ ከሚኒባሱ አንገቱን አውጥቶ "ባለ ስምንቱ!" ብሎ እየጠራኝ መንገደኛውን ሁሉ ያስቅብኝ ጀመር፤ ይጥራኝ፣ ያዘለኝ እሱ ነው። አብዲንና ጀማልን፣ ቁስሌን ሳትጸየፍ ያጠበችውን ሰናይትን፣ ያችን ዶክተር አላህም እግዜርም ይስጥልኝ።

አሁን ስኳር ላለባችሁ ልንገራችሁ። እግራችሁ አመመኝ ብሎ እስኪነግራችሁ አትጠብቁ፣ አይነግራችሁም። በየቀኑ በዓይናችሁ እዩት፤ መርገጫችሁን በመስታወት እዩ። የሚሞቅ ውሃ በክርናችሁ ለኩ። እሳት አጠገብ እግር አትዘርጉ። ውሃ ጥሙ ሲበዛባችሁ በድሬ ፀሐይ ብቻ አታሳብቡ።

ይሄ ሰውዬ ይዋሻል የምትሉ ደግሞ አትፈሩ፣ ሆስፒታል ሂዱና ዶክተሯን ጠይቋት። መጀመሪያ ጣታችሁን ካልወጋች አንዲት ቃል አትነግራችሁም። ወንድ የሆነ ይሂድ!