ማበጠሪያ ያለው የጫካ ቢላዋ

ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ሞረዷ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት የወርክሾፑ ሠራተኞች ናቸው። «ቢላዎቹን የሚስላቸው ድንጋይ ነው፤ እኛን የምትስለን ግን የሷ ምላስ ነው» ይላሉ። ሥራዋ የጫካ ቢላዋ መንደፍ ነው፤ መንገደኛው፣ አዳኙ፣ ድንኳን ተክሎ አዳሪው ወገቡ ላይ አስሮት የሚወጣውን፣ እንጨት ፈልጦ ገመድ በጥሶ በቁርጥ ቀን የማይከዳውን።

ሰው ስለ ቢላዋ ሲያወራ ስለቱን ያወራል። እሷ አስቀድማ የምታስበው እጀታውን ነው። ሰው ስትጨብጥ ቶሎ አትለቅም፤ አውራ ጣቱ የት እንደሚያርፍ፣ መዳፉ ምን ያህል እንደሚሰፋ እየዳበሰች ትለካለች። በዚህ ጠባይዋ ስንቱ ተደናግሯል! አንድ ልብስ ሰፊ ገና በተዋወቁበት ቀን እጁን ይዛ ስትቀር «ይቺ ልጅማ ወዳኛለች» ብሎ እንቅልፍ አጣ። በሳምንቱ ጸጉሩን ተቆርጦ፣ ራሱ የሰፋውን ኮት ለብሶ ፋብሪካው በር ላይ ተገተረ። እሷ እኮ ትልቅ መዳፍ ላለው ሰው ለሚሆን እጀታ ልክ እየወሰደች ነበር። ዛሬ ባሏ ነው። «የወደደችኝ ለመዳፌ ነው» እያለ ለእንግዳ ሁሉ ሲያወራ «ሌላ ምን ነበረህና?» ትለዋለች።

እንዲህ ተፈርታም ተወድዳም ስትኖር አዲስ የሽያጭ ኃላፊ ተቀጠረ። ወጣት ነው፤ ጫማው እንደ መስታወት ያበራል። አፈ ቅቤ ነው፤ ልቡ ጩቤ ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም። የሞረዷን ንድፍ ባየ ቁጥር «በጣም ያምራል እትዬ፤ ግን ትንሽ ነገር ይጨመርበት» ይላል። ጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ ይጨመርበት። ኮምፓስ ይጨመርበት። ፊሽካ ይጨመርበት። ብዙም ሳይቆይ «ይጨመርበት» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ ማን እንዳወጣለት መናገር አያስፈልግም።

አንድ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ተደግፎ «እትዬ፣ ገዢው የሚፈልገው ሲያዩት የሚያስደነግጥ ቢላዋ ነው» አላት።

«ማን ይደንግጥ? ጅቡ ወይስ ገዢው?»

«ሁለቱም!»

ነገሩ ከነከናት። እሱ እንደወጣ እርሳሷን አነሳችና በእልህ መሳል ጀመረች። እንደ ክንድ የረዘመ፣ ጥርስ ያወጣ፣ ኮምፓስ ያለው፣ ፊሽካ ያለው፣ ጠርሙስ የሚከፍት፣ ጎኑ ላይ መስታወት የተለጠፈበት ቢላዋ። አየችውና አሁንም አንድ ነገር የጎደለው መሰላት። አፎቱ ላይ ማበጠሪያ ጨመረችበት። «ጫካ የጠፋ ሰው ሲገኝ ጸጉሩ ተንጨባሮ ማየት ደስ አይልም» ብላ ከሥሩ ጻፈች። ወረቀቱን የልጁ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሳቋን አፍና፣ ጩኸቱን ለመስማት ተመልሳ ተቀመጠች።

ይጨመርበት እየሮጠ መጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እትዬ! በመጨረሻ ገባዎት! በተለይ ማበጠሪያዋ!»

 ቀልድ ነው እንዳትለው ንድፉ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደርሶ ተፈርሞበታል። ያላት ምርጫ ወርክሾፕ ወርዳ፣ ሙያውን ላስተማሯት ለአሮጌው አለቃ ማልቀስ ብቻ ሆነ።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩልዎ።»

ጋሼ ንድፉን አይተው ሳጥን ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቢላዋ ነው ወይስ ቁም ሣጥን?»

«አይሳቁብኝ። ይልቅ እጀታው ውስጡ ባዶ ነው። ልጁ ክብሪት ይግባበት ብሏል። ክብሪቱ ቀርቶ ይቺን ብንከትባትስ?»

ከኪሷ ያወጣቻት ከጣት ብዙም የማትበልጥ ቢላዋ ነበረች። ብዙ ጊዜ ደክማባታለች፤ ለኃላፊዎች ባቀረበቻት ቁጥር ግን «አታስደነግጥም» ተብላ ትመለሳለች። ጋሼ ግራ ቀኙን አዩ።

«አስፈቅደሻል?»

«አላስፈቀድኩም።»

«እኔም አልሰማሁም።»

ሙያ በልብ ነው ብለው፣ ትልቁ ተሠርቶ ሲያልቅ ትንሿን እጀታው ውስጥ ከተው ክዳኑን ገጠሙ።

የማስተዋወቂያው ቀን ባለሱቆች ተጠርተው ከከተማው ዳር ያለ ጫካ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሞረዷ ከኋላ ቆመች። ይጨመርበት ፊሽካውን ሊነፋ የእጀታውን ጫፍ አፉ ላይ ሲያደርግ ስለቱ ወደ እንግዶቹ ተቀሰረ፤ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ቀጥሎ ግንድ መጋዝ ጀመረ። ጥርሱ ገባና ተቀረቀረ። ቢስብ እምቢ፣ ቢነቀንቅ እምቢ። «አያችሁ፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም!» እያለ ላቡ ይንቆረቆራል። በመጨረሻ እግሩን ግንዱ ላይ ደግፎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጎትት የእጀታው ክዳን ተፈታና ክዳኑን እንደያዘ በጀርባው ሳሩ ላይ ተዘረጋ። ቢላዋው ግንዱ ላይ ቀረ። ከባዶው እጀታ ትንሿ ቢላዋ ዱብ አለች።

አንዲት ደንዳና ባለሱቅ አነሳቻት። አጠገቧ ያለ ካርቶን የታሰረበትን ገመድ በጠሰችባት፤ እንጨት ላጠችባት። «ይቺስ ምንድን ናት? እጄ ላይ የተወለደች ነው የምትመስለው!» አለች።

ሁሉም ወደ ይጨመርበት ዞሩ። ይጨመርበት ወደ ሞረዷ ዞረ። ሞረዷ ዛፉ ላይ ያለ ወፍ ማየት ጀመረች።

ልጁ ሳሩን ከሱሪው እያራገፈ ተነሣ። «እሷንማ ለመጨረሻ ነበር ያቆየናት! እናትየዋ ስትያዝ ልጅቷ ትደርሳለች!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ሞረዷ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ዓይን አውጣ አይታ አታውቅም፤ ሳታስበው አብራ አጨበጨበች።

ሲመለሱ መኪና ውስጥ ቀስ ብሎ ጠየቃት። «እትዬ፣ ልጅቷን ከመቼ ጀምሮ ነው የማውቃት?»

«ከዛሬ ጠዋት።»

«ለሥራ አስኪያጁ ግን ከአምና ጀምሮ ነው።»

«ከፈለግክ አንድ ዓመት ጨምርበት» አለችው።

ቢላዋው ተሸጠ፤ ያውም እንደ ጉድ። ማንም አይገዛውም ብላ የማለችው ሞረዷ ተሳሳተች። ሰዉ ትልቁን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለእንግዳ ያሳያል፤ ትንሿን ኪሱ ይከታል። ጠፋብን ብለው መለዋወጫ የሚጠይቁት ደግሞ ማበጠሪያውን ነው። «ያ ልጅ ሰው ያውቃል» ብላ ለባሏ ነገረችው፤ «ብለሻል ወይ ብባል ግን አላልኩም።» በማግሥቱ ትንሿ ለብቻዋ እንድትሸጥ ይጨመርበትን ጠየቀችው፤ እሱም እሺ አለ፣ ምንም ሳይጨምርባት።

አሁን ሁለቱም አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው ፊት ለፊት ይሠራሉ። ጭቅጭቃቸው እስከ ወርክሾፑ ይሰማል፤ ሠራተኛው ለምዶታል። ክፍሉ ጸጥ ያለ ዕለት ነው ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ «ምን እየሸረቡብን ይሆን?» እያለ ወደ በሩ የሚያየው።