በር ላይ የሚገባበዙ ፕሮሰሰሮች

ሥርጉት ወልደ ኢየሱስ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ቴክኒሻን ናት። ቴክኒሻን ማለት፣ አለቆቿ እንደገባቸው፣ ኬብል የሚሰካ ሰው ማለት ነው። እሷ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከየካ አባዶ መገናኛ በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከርነል ስትነድፍ ኖራለች። ቀና የምትለው «ወራጅ አለ!» ሲባል ብቻ ነበር።

ከርነል ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነሳው፣ ለሌሎቹ ፕሮግራሞች ተራና ቦታ የሚያድለው ፕሮግራም ነው። የሥርጉት ከርነል ከየትኛውም ማሽን ጋር ይግባባል። አዲስ ዓይነት ማሽን ሲመጣ የሚቀየረው ከሥር ያለው ስስ ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላውን የሚነካው የለም። ኮሌጁ የጣላቸውን አሮጌ ኮምፒውተሮች ደግሞ በኔትወርክ አያይዞ እንደ አንድ ትልቅ ማሽን ያሠራቸዋል። አንዱ ድንገት ቢጠፋ የቀሩት ሥራውን ተካፍለው ይቀጥላሉ። መብራት እንደፈለገ በሚሄድበትና በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህን ማሰብ ሊቅነት አይደለም፤ ኑሮ ነው።

ስለ ሥራው የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የቀድሞ መምህሯ ጋሽ ብርሃነመስቀል። በተማሪነቷ «አንቺ ልጅ ጭንቅላት አለሽ» ያሏት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው፤ ለዚህች አንድ ቃል ስትል ዕድሜ ልኳን ስታመሰግናቸው ኖረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ላብራቶሪ ብቅ ይሉና «የት ደረሰ?» ብለው ደብተሯን ያገላብጣሉ። አንድም መስመር ጽፈው አያውቁም።

ከሁሉ ያስቸገራት በአንድ ማሽን ውስጥ ስሌቱን የሚሠሩት ሁለት ፕሮሰሰሮች ነበሩ። አንድ ነገር እኩል ሲፈልጉ አንዱ ለሌላው እንዲለቅ አድርጋ ጽፋለች። ማሽኑ ግን ይሞቃል፣ ይለፋል፣ ፈቅ አይልም። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥታ ምክንያቱን ፈለገች። መልሱን ያገኘችው ወሰን ሰፈር፣ አንድ ፋርማሲ በር ላይ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ተገናኝተው «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በጭራሽ አይሆንም!» ይባባላሉ። ሁለቱም አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ሁለቱም አንድ እርምጃ ወደኋላ። ከኋላቸው ሰው ተኮልኩሏል። ሥርጉት መንገድ ላይ ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። ለካ ፕሮሰሰሮቿ የጨዋ ልጆች ናቸው! ያኔውኑ ደብተሯን አውጥታ ሁለቱ ከተገጣጠሙ መለያ ቁጥሩ የሚያንሰው ፕሮሰሰር ሳይግደረደር ይለፍ የሚል ሕግ ጻፈች። ማሽኑ ተንቀሳቀሰ። ለጋሽ ብርሃነመስቀል ስትነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከዚያ ኮሌጁ ዐውደ ርእይ አዘጋጀና የሠሪው ስም በማመልከቻው ላይ ይጻፍ ተባለ። ሥርጉት፣ እንዲያው ምን ይሻላታል፣ የጋሽ ብርሃነመስቀልን ስም ጻፈች። ከመምህሯ በላይ ስሟን እንዴት ታስቀምጥ? የሚሆነውንም በልቧ ጨርሳዋለች። እሳቸው «ምን ነካሽ ልጄ፣ ያንቺ ሥራ አይደል እንዴ!» ብለው ወረቀቱን ይመልሱላታል። እሷ እንደገና እንቢ ትላለች። እሳቸው ይቆጣሉ። በመጨረሻ ስሟ ይጻፋል። እኛ አገር ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነው።

ጋሽ ብርሃነመስቀል መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡ፣ «መልካም» አሉ፣ ፈረሙ።

ሥርጉት እስከ ዐውደ ርእዩ ቀን ድረስ ጠበቀች። ዛሬ ይሉኛል፣ ነገ ይሉኛል እያለች። በዕለቱ እሷ ከመጋረጃው ኋላ ኬብል ይዛ ቆማ፣ እሳቸው መድረክ ላይ ወጡ። «አንድ ቀን ወሰን ስሄድ፣» ብለው ጀመሩ፣ «ሁለት ሽማግሌዎች ፋርማሲ በር ላይ...» አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሥርጉት ከመጋረጃው ኋላ ሰማች። የነደፈችውን ከርነል መውሰዳቸው አንሶ ያንን የመንገድ ላይ ሳቋን ወሰዱባት። ማን ረዳዎት ተብለው ሲጠየቁ ዓይናቸውን በጨው አጥበው «ቴክኒሻናችን ገመዱን አስተካክላልናለች፤ ይጨብጨብላት» አሉ። ተጨበጨበላት።

ሲያበቃ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል?»

«ምን አደረግሁሽ ልጄ?»

«ሥራው የኔ ነው። ያውቃሉ።»

«ስሜን የጻፍሽው እኮ አንቺ ነሽ። ማን አስገደደሽ?»

ውሸት ቢሆን ትጮህ ነበር። አንጀቷን ያሳረራት እውነት መሆኑ ነው። በገዛ ጣቷ ነው የጻፈችው። እሳቸውም ምን ጠብቃ እንደጻፈችው አሳምረው ያውቃሉ፤ ያላወቁ መምሰል ብቻ በቃቸው።

ጎን ለጎን እስከ በሩ ሄዱ። ጋሽ ብርሃነመስቀል እንደ ልማዳቸው ገለል ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «ቅደሚ ልጄ» አሉ። ሁልጊዜ «ኧረ እርስዎ ጋሼ» ስለምትላቸው እግራቸውን ለማንሳት ተሰናድተው ነበር።

ሥርጉት ሳትግደረደር አለፈቻቸው።

በሰባት ዓመት ውስጥ ቀድማቸው ያለፈችው በር ያ ብቻ ነው፤ እሱም የመውጫው በር ነበር።