ሁለት ሜትር ከሃያ

የሺአረግ ሰው መናቅን ከኃይለመለኮት አልተማረችም፤ እሱ ነገሩን አቀለለላት እንጂ። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። የሐዲድ ጠጋኝ ልጅ ናት። ቅየሳ ተማረች፤ ሳተላይት የሚለካውን የባሕር ከፍታ ማንበብም ጨመረችበት። ከዚያ ባሕር በሌለበት ከተማ በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ እህል አስመጪ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራ መጋዘን ስትለካ ስድስት ዓመት ኖረች።

ዘንድሮ የድርጅቱ ባለቤት ኃይለመለኮት ጅቡቲ ባሕር ዳር ለሠላሳ ዓመት የመጋዘን ቦታ ሊከራይ ፈለገ። ኢንሹራንሱ ውሃው እስከዚያ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚገልጽ፣ ባለሙያ የፈረመበት ወረቀት ጠየቀ።

ኃይለመለኮት የባቡር ጣቢያ ሹም የልጅ ልጅ ነው፤ ይህን ያልሰማ ድሬ ውስጥ ካለ ትናንት የመጣ ነው። ቢሮው ውስጥ ከአያቱ የወረሰው፣ ከድሬ እስከ ጅቡቲ ወደብ ያለው የሐዲዱ ከፍታ ንድፍ በመስታወት ተሰቅሏል። የቦታውን ከፍታ ከዚያ ላይ አንብቦ ስሌቱን ራሱ ጨረሰው።

«ከባሕር በላይ ሁለት ሜትር ከሃያ። ሳተላይቱ በዓመት አራት ሚሊ ሜትር ይላል። በሠላሳ ዓመት አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር። አቦ ፈርሚና እንገላገል።»

«እሱ የዓለም አማካይ ነው፤ የጅቡቲ ባሕር የራሱ አለው። ፍጥነቱም እየጨመረ ስለሆነ ዝም ብሎ በሠላሳ አይባዛም፣ ጌታዬ።»

ድሬ ውስጥ ሰው ሁሉ አንተ እየተባባለ ሲኖር፣ እሷ አንቱታን ያስቀመጠችው ለምትንቀው ነበር።

«ማባዛትም ልትከለክይን ነው?»

የጉምሩክ ጉዳይ የምታስፈጽመው ሃሊሞ ከጠረጴዛዋ ሳቀች። «ተዋት ወላሂ። እሷ ባሕሩን ከሰማይ ታየዋለች። እኛ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ እንኳ መምጣቱን የምናውቀው ከመጣ በኋላ ነው።»

የሺአረግ ወደ ንድፉ ተጠግታ ከፍታው የሚቆጠርበትን የዜሮ መስመር በጣቷ ነካች። «ይህ ዜሮ የትኛው ባሕር ነው?»

«ባሕር ስንት አለ?»

«ሞልቶ ያለው ነው ወይስ የጎደለው? በአያትዎ ዘመን ከተለካ ወዲህስ ስንት ከፍ ብሏል? ሳተላይቱ ከዚህ ዜሮ ተነሥቶ አይለካም።»

«በዚህ ንድፍ ስንት ዓመት ባቡር ሄዶበታል።»

«ለባቡር ይበቃል። ባሕር ዳር እህል ለማስቀመጥ አይበቃም።»

ስምንት ቀን ሠራች። ሳተላይቱ በዚያው ባሕረ ሰላጤ ላይ የለካውን ከወደቡ የውሃ መለኪያ ጋር አስተያይታ ሦስት ገጽ ጻፈች፦ ዝቅተኛ ግምት፣ ከፍተኛ ግምት፣ አንድ ቁጥር ብቻ የማይሰጥበት ምክንያት። ከፍተኛው ከደረሰ፣ ባሕሩ ሞልቶ ነፋስ ሲገፋው ውሃው መጋዘኑ ወለል ላይ ይወጣል።

ኃይለመለኮት ቆሞ አነበበውና ከፍተኛውን ግምት በቀይ ሰረዘ። «ሁለት ቁጥር ማንም አይወድም። ፈርሚ፣ ወይ የቢሮውን ቁልፍ አስቀምጪ።»

ድሬዳዋ ውስጥ ባሕር የምታነብ ሴትን ሌላ ማን ይቀጥራል? ባሕሩ አያቱ በነገሩት ቦታ ቆሞ የሚጠብቅ የሚመስለው ይህ ሰው፣ ይህችን አንዷን ነገር ግን አጥርቶ ያውቃል። ከሁሉ ይልቅ የናቀችው ይህን እውቀቱን ነው።

ከተሰረዘው ጎን ከፍተኛውን ቁጥር እንደገና በፊደል ጻፈች፤ እዚያው ላይ ፈረመችና ቁልፉን አስቀምጣ ወጣች።

ኃይለመለኮት ወረቀቱን አገላበጠው። ፊርማው ከቁጥሩ ጋር ተያይዟል፤ አንዱን ትቶ አንዱን መውሰድ አይቻልም።

«ሌላ ባለሙያ ፈልጊልኝ» አላት ሃሊሞን።

«ባሕር የሚያነብ? ከድሬ?» አለችው።