መሪው ከበደኝ ያለኝ ጊዜ

ከጎጃም ወደ አርባ ምንጭ የመጣነው ባለቤቴ ለመምህርነት ሲመደብ ነው፤ ዛሬም እዚሁ ነኝ። አሮጌዋን መኪናችንን የሚነዳት እሱ ነበር። እኔ መንዳት አልችልም፤ ጠዋት ከጸሎት በኋላ ዘይትና ውኃዋን አያለሁ እንጂ።

በአንዱ ዐቢይ ጾም ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ ስንወጣ፣ መታጠፊያው ላይ ባለቤቴ መሪው ከበደኝ አለ። ሲጠመዝዘው መኪናዋ ትጮኻለች። መካኒካችን የመሪውን ፓምፕ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው ላልቷል ብሎ ቀየረው፤ የመሪውንም ዘይት ሞላ። ጩኸቱ ጠፋ። በሳምንቱ ባለቤቴ አሁንም ከበደኝ አለ፣ ወደ ግራ ሲሆን ይብሳል አለ። ጎማዎቹን አስነፋን። ያው ነው። መካኒኩን በጾም አፌ አማሁት። ለመኪናም ስለት ተሳልኩ።

በሦስተኛው ጊዜ መካኒኩ ግቢያችን ድረስ መጣ። ባለቤቴ ደክሞት ቤት ውስጥ ተኝቷል። መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ ፓምፑን አዳመጠ፣ ቱቦውን በጣቱ ዳሰሰ፣ መሪውን ግራ ቀኝ አዞረው። ይቺ መኪና ከሚስቴ ይልቅ ትታዘዘኛለች ብሎ ቀለደ። ከዚያ የመኪናዋን በር ከፈተልኝ።

«እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ያዙሩት።»

እኔ ምን አውቄ ብዬ አመነታሁ። አትነክስም አለኝ። ገብቼ ወደ ግራ አዞርኩት። በአንድ እጄ ዞረ።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ሳያየኝ፣ «መኪናዋ ደህና ናት» አለ። «ጋሼን ሐኪም ይያቸው።»

ባለቤቴ የገበያውን ዘንቢል መንገድ ላይ ከግራ እጁ ወደ ቀኝ ሲያዛውር ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ከሆንኩ ወራት አልፈዋል። ዘይት ስለካ የሱን ክንድ ልብ አላልኩም።

ሐኪሙ እሱን ውጭ አስቀምጦ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ጡንቻው እየሞተ ነው፣ መድኃኒት የለውም አለ። በባጃጅ ስንመለስ ባለቤቴ የመሪው ነገር እንዴት ሆነ አለኝ። ዋሽቼ የማላውቅ ሴት፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው አልኩት።

ከዚያ በኋላ መጣ ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። አልመጣም እላለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ባለቤቴን ግን ዓይኑን እያየሁ አልመጣም ማለቱን አልተውኩም።

አንድ ከሰዓት፣ ሁለቱም እጆቹ ጭኑ ላይ እንደተቀመጡ፣ «ዕቃውን ተይው» አለኝ። «ባይመጣም ግድ የለም። ብቻሽን አትጨነቂ።»

ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም።