ሻዩን ማን ጠጣው

አክስቴ ኮምቦልቻ ያለውን ቤቷን የፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች መዋያ ያደረገችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም። አንድ ዓመት ፈቃድ ሰጪው ጽሕፈት ቤት ስለ ሕፃናት መጠጥ በኢንተርኔት ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ያላመጣ ፈቃዱ አይታደስም አለ። ሥልጠናው በእንግሊዝኛ ነበር። እንዳስተረጉምላት ደሴ ድረስ መጣች።

ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ካፖርታችንን ሳናወልቅ ተቀመጥን። አሠልጣኟ ፈገግታ የማያልቅባት ሴት ነበረች፤ ኔትወርኩ በተቋረጠ ቁጥር አፏን እንደከፈተች ትቀራለች።

«ለሕፃን ውሃና ወተት ብቻ ስጡ፤ ሻይ አትስጡ ትላለች» አልኳት።

«ወተቱን እሷ ትልክልኛለች?»

«እሱን አላነሳችም።»

«ውሃ እንቢ ያለስ?»

«እንጆሪ ቆራርጣችሁ ጨምሩበት።»

«ወላሂ፣ እንጆሪ የምቆራርጥ ብሆን የሰው ልጅ ምን አስጠበቀኝ!»

በባለሙያ ምክር አለመስማማት ልማዴ ነው። የዚያን ቀን ግን ሴትዮዋ ትክክል ነበረች፤ ይህም ደስ አላለኝም። እናቶቹ በየማለዳው ልጁን ከነኮዳው ያስረክባሉ፤ ኮዳው ውስጥ ያለው ሻይ ሽሮፕ ነው ቢባል ይቀላል። የልጆቹ የፊት ጥርስ ጠቁሯል።

የምስክር ወረቀቱን አሳትሜ ኮምቦልቻ ወሰድኩላት። እሷ እቴ ቀድማ ሥራ ጀምራ ነበር፤ ሻዩን ጓሮ ደፍታ አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ውሃ ልጆቹን ስታጠጣ ውላለች። በኛ አገር ደግሞ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ድሮ ከሥሩ ጥቂት ሻይ ታስቀር ነበር። አሁን የሚቀር ስለሌለ ኮዳዎቹን በውሃ ሞልታ ጠበቀች።

ከደጋን ከተማ መጥታ ፋብሪካ የገባች አንዲት እናት ልጇን አዝላ ኮዳውን ከፈተች፤ ቀመሰች።

«እትዬ፣ ሻዬስ?»

«ደፋሁት። ለልጅ ውሃ ነው የሚበጀው፤ ተምሬበታለሁ።»

«ስኳሬን ደፍተው ውሃ ሞሉልኝ? ለልጄ ውሃ ያጣሁ መሰልኩዎት?»

«ለጥርሱ ብዬ እኮ ነው።»

«ጥርስስ ይወልቃል፣ ይበቅላል። እርስዎ ግን ቤቴን ከውሃ በቀር የሌለው አደረጉት።»

ልጁ ከጀርባዋ እጁን ሰድዶ ኮዳውን ወሰደና ግጥም አድርጎ ጠጣ። ከኔ በቀር ያየው የለም። በማግስቱ እናትየው አልመጣችም። ወሬው የፋብሪካውን በር ዞሮ ሌሎቹንም አስቀረ። ፈቃዱ ታደሰ፤ ፍራሾቹ ባዶ ሆኑ። ማዘን እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ምንም አልተሰማኝም። እሷም አላለቀሰችም።

«ያቺ የኢንተርኔቷ ሴትዮ ኮዳ ስለ መመለስ ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምንም።»

ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ በየቤቱ ዞራ ይቅርታ ጠየቀች። ሰኞ ልጆቹ ከነሻያቸው ተመለሱ።

ከወራት በኋላ ስሄድ ልጆቹ ውሃ እየጠጡ ይጫወታሉ። እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ከአንዱ ኮዳ ወደ ሲኒዋ ሻይ ትገለብጣለች፤ ከሥሩ ጥቂት አስቀርታ ትከድነዋለች፤ ሌላውን ታነሳለች። እናቶቹ ማታ ቅሪቱን አይተው ልጃችን ጠጣ እያሉ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። የምስክር ወረቀቱ ከራስጌዋ ተሰቅሏል።

«ይህን ሁሉ ስኳር እንዴት ቻልሽው?» አልኳት።

«ባሌ ከሞተ ወዲህ» አለች የሚቀጥለውን ክዳን እየፈታች፣ «ሁሉም አፌ ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚለኝ።»