ቅሬ የተጠራ ዕለት

ከመርሳ በላይ፣ ፀሐይ በምትገባበት በኩል፣ ጉባው የምንለው ኮረብታ አለ። ዛሬ የስልክ ምሰሶ ቆሞበታል። ከአውራ ጎዳናው ሆኖ ቀና ብሎ ላየው ሰው ምኑም አያስፈራም፤ ድንጋይና ክትክታ ነው። እኛ ግን አራት ክረምት ከርመንበታል። ወጣቶቹ አሁን ሲያወሩት «ገበሬው የተነሳ ጊዜ» ይላሉ፤ ሠርግ ያስመስሉታል። እኔ አንዱን ቀን ብቻ ልናገር። ያንን ቀን የሚያውቁት አልቀዋል። የቀረነው እኔና ሙሄ ነን፤ ሙሄ ደግሞ ጆሮው አይሰማም፣ ብትጠይቁት የማይሆን ነገር ይነግራችኋል።

የተነሳነው በኮታ ነው። ሌላ ምክንያት የሚያበጁልን አሉ፤ ውሸት ነው። ያ የወታደር መንግሥት ሰሜን ላይ ይዋጋል፣ የጦሩ ቀለብ ከእኛ ጎተራ ይጫናል። ማሽላው ቢይዝም ባይዝም ኮታው አይጎድልም። ሐራ ገበያ ወርደን እህል ገዝተን ለመንግሥት መጋዘን ያስረከብንበት ዓመት አለ። ገበሬ እህል ገዝቶ! ቀጥሎ ወጣቱን ማፈስ ጀመሩ። የጎረቤቴን ልጅ ሲሪንቃ መንገድ ላይ አህያ እየነዳ አፍሰው ወሰዱት፤ አህያዋ ብቻዋን ቤት ገባች። በዚያው ሳምንት ጉባው ላይ ወጣን። አባ እንድሪስን የጎበዝ አለቃ አደረግን። ምንሽር የያዘ ነበር፣ አልቤን የያዘ ነበር፣ ዱላ ብቻ የያዘም ነበር።

ከታች መንደሩን የሚጠብቁት ሚሊሺያዎች ደግሞ የእኛው ሰዎች ናቸው። መንግሥት አስታጠቃቸው እንጂ አብረን ያደግን ነን። አዛዣቸው አራጌ ይባላል፤ መሬቱ ከእኔ መሬት ጋር በአንድ ድንበር ነው። ጠላት ሆንን። ግን አንድ ያልተበጠሰ ነገር ነበር፤ ቅሬያችን አንድ ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሰው ሲሞት ጠሪው ከድንጋይ ላይ ወጥቶ ይጮሃል፣ የሰማ ሁሉ ይወጣል። የቀረ ሰው የራሱ ሰው ሲሞት ብቻውን ይቆፍራል። ስለዚህ ቅሬ በተጠራ ቀን እኛ ከጉባው እንወርዳለን፣ ሚሊሺያውም ይመጣል፣ የሁሉም ጠመንጃ የቅሬው ዳኛ ቤት ይቀመጣል፣ ቀብረን እንለያያለን። ማንም አላዘዘውም፤ እንዲያው ሆነ። ማክሰኞ የተታኮስን ሰዎች ሐሙስ አንድ ጉድጓድ እንቆፍራለን።

አንድ ጊዜ፣ አፈር ስንመልስ፣ አራጌ ለታናሽ ወንድሜ ለሁሴን፦

«ያቺ የማክሰኞዋ ጥይት ያንተ ነበረች አይደል? አሁንም ወደ ግራ ትስታለህ።»

«ወላሂ ምንሽሩ ነው። አንተ ትንሽ ወደ ግራ ብትቆምልኝ ምን ይጎዳሃል?»

ሰው ሳቀ። የቅሬው ዳኛ «ጀናዛ ፊት ነው፣ እፈሩ እንጂ!» ብለው ተቆጡ። እሳቸውም ፊታቸውን አዙረው ነው የተቆጡት።

እንግዲህ በአራተኛው ዓመት፣ ማሽላው እሸት በያዘ ሰሞን፣ መርሳ አዲስ ጦር ገባ። ሻለቃ ነው አሉ፤ መኪናው ብዙ ነው፤ ሞርታር ይዟል። አዛዡ የዚህ አገር ሰው አይደለም። ቃፊሮቻችን ሁለት ሌሊት አልተኙም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የቅሬው ጠሪ ድምፅ ከታች መጣ። የአራጌ እናት፣ እትዬ ዘሃራ፣ ሞተዋል።

ሰው ወዲያው መነሳት ጀመረ። እኔ አባ እንድሪስ ፊት ቆምኩ።

«አባ እንድሪስ፣ ዛሬ አይውረዱ። ይኸ ጦር የኛን ቅሬ አያውቅም።»

«ታዲያ የአራጌ እናት እንዴት ትሁን?»

«አምስት ሰው ይላኩ። ይበቃል።»

«አምስት ሰው የተላከበት ቅሬ ሰምተህ ታውቃለህ? ስማኝ ሰይድ፣ እነዚህ ሰዎች በሬዲዮ ሽፍታ ይሉናል። ጎረቤቴን ሳልቀብር ከቀረሁ እውነታቸውን ነው።»

«ሽፍታ ተብሎ መኖር ይሻላል።»

«ለአንተ ይሻል ይሆናል» አለና ጋቢውን አነሳ። «የፈራ ጉባውን ይጠብቅ።»

ተሰደብኩ፤ ቀረሁ። ሁሴን እግሩን እሾህ ወግቶት አብጦ ነበርና መውረድ አልቻለም። ሙሄና ሌሎች አራት ሰዎችም ቀሩ፤ ሰባት ሆንን። ሌላው በሙሉ ወረደ። እህላችን፣ ጎጆዎቻችን፣ የተረፈው ጥይት፣ ሁሉም ከእኛ ጋር ነው። ጉባው ከተያዘ ክረምቱን የምንገፋበት የለንም። ይኼንን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የወረዱትም ያውቁ ነበር።

ከጉባው ሆኖ የቀብሩ ቦታ ቁልቁል ይታያል። ሰዉ በነጠላ ነጭ ሆኖ ሞልቶት ነበር። ሩቅ አይደለም፤ ጎበዝ ሮጦ ይወጣዋል።

ከዙህር ሰላት በኋላ የመጀመሪያው ሞርታር ከምሽጉ በስተኋላ ወደቀ። ሁለተኛው ጎጆ መታ። ሦስተኛውን አላስታውሰውም። በሰሜን በኩል ባለው ሸለቆ እየወጡ ነበር። ብዙ ናቸው። ተኩስ ከፈትን። መለስናቸው ብለን አሰብን፤ ተኝተው ነበር እንጂ አልተመለሱም። መትረየስ ጠመዱብን። ይማም የሚባለው መጀመሪያ ወደቀ።

ሁሴን ከጎኔ ነው። «ይሰማሉ?» አለኝ።

«እንዴት አይሰሙም? ተራራው እየጮኸ።»

ቁልቁል አየሁ። ነጩ ሕዝብ ቀና ብሎ ወደ እኛ ዞሮ ቆሟል። አሁን ይሮጣሉ አልኩ። ትንሽ ቆሙ። ከዚያ እንደገና አጎነበሱ። አፈር መመለሳቸውን ቀጠሉ። በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ማንም አልነገረኝም።

ሁሴንም አይቷል። «እትዬ ዘሃራ ሰፊ ሴት ነበሩ፣ ጉድጓዳቸው ቶሎ አይሞላም» አለ። ከዚያ ጥይት ሲያጎርስ ተመታ። የሞተ ሰው ቃል ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ እኔ አላምናቸውም። ሁሴን አፉን እንኳን አልከፈተም።

ያዝነው፣ ይዘን ቆየን፣ ጥይት አለቀ። ከሰባት ሁለት ቀረን። እኔና ሙሄ በገደሉ በኩል ወረድን፣ ከዋሻ ገባን። ከላያችን ጎጆዎቹ ሲነዱ ይሸተናል። እህሉም ነደደ። የማሽላ ጭስ ምን እንደሚመስል ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር።

የእኛ ሰዎች ጠመንጃቸውን አንስተው ሲደርሱ አስር ሰዓት አልፏል። ተታኮሱ። ጦሩ የመጣበትን ጨርሶ ነበርና መሽቶበት ተራራ ላይ ማደር ስላልፈለገ ወረደ። ከዋሻው ወጣሁ። አባ እንድሪስ ከሁሴን አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ሰምተህ ነበር?» አልኩት። አንቱ ማለት ተወኝ።

«ሰምተናል።»

«ታዲያ?»

«ለህድ ውስጥ አስገብተናት ነበር፣ አፈሩ ገና አልሞላም። ክፍት ጉድጓድ ላይ ጥለን እንሩጥ?»

«አዎ። ጥላችሁ ሩጡ። እሷ ከዚያ የት ትሄዳለች?»

የእጁ አፈር ገና አልረገፈም ነበር። ልመታው ፈለግሁ፤ ሽማግሌ ነው፤ ተውኩት። ትክክል ነበር የሚሉ አሉ። ሰው መሆናችንን ጠበቀ ይላሉ። ይበሉ። ወንድማቸው ጉባው ላይ አልነበረም።

በማግስቱ ሬሳ መቅበር አለ። ጦሩ መንደሩን ሰብስቦ «ሽፍታ የቀበረ ሽፍታ ነው» ብሎ አስታውቋል። ጠሪው ሽማግሌ ነው፣ አልፈራም፤ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ አምስቱንም በየስማቸው ጠራ። ድምፁ እኛ ድረስ መጣ። ጠበቅን። ፀሐይ ከፍ አለች። ከመንደሩ አንድ ሰው አልወጣም። ትናንት ቀብሩን ነጭ ያደረገው ሕዝብ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። የታጠቀ አልነበረምና አልፈርድበትም ማለት ነበረብኝ። እፈርድበታለሁ።

እዚያው ጉባው ላይ መቆፈር ጀመርን። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ዶማ ይመልሳል። «በውጊያ የሞተ አይታጠብም፣ በልብሳቸው ይቀበሩ» ተባለ፤ የሚታጠቡበት ውሃም አልነበረም። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጉልበት ሲደርስ አንድ ሰው በእግር መንገዱ ሲመጣ ታየ። ጠመንጃ የለውም። ዶማ ተሸክሟል። አራጌ ነው።

ሙሄ መሣሪያውን አነሳበት። አራጌ አልቆመም። መጣና ነጠላውን አውልቆ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ገና የእናቱን ሐዘን ያልተቀመጠ ሰው ነው።

«ሂድ ከዚህ» አልኩት።

«ቅሬ ተጠርቷል።»

«ለጦሩ የነገርከው አንተ ነህ? ጉባው ባዶ ይሆናል ያልከው አንተ ነህ?»

«ቆፍረን ስንጨርስ ጠይቀኝ» አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

ቀኑን ሙሉ ቆፈረ። ከእኛ ሁሉ የበለጠ የቆፈረው እሱ ነው። ሁሴንን ስናወርድ በእግሩ በኩል የያዘው እሱ ነው፤ ያቺን ያበጠችውን እግር እንዳትጋጭ በመዳፉ ደግፎ አስገባት። ሲያልቅ ላቡን ጠርጎ ፊቴ ቆመ። ዓይኑን ከዓይኔ አላነሳም። ጠይቀኝ ማለቱ ነው።

አልጠየቅሁትም። አዎ ቢለኝ ልገድለው ነው፤ አይደለሁም ቢለኝ አላምነውም። ነጠላውን አንስቶ ወረደ። በዚያው ሳምንት ጦሩ ከሚሊሺያው አውጥቶ፣ ወልዲያ ወስዶ፣ ወደ ሰሜን ግንባር ጫነው። አልተመለሰም። ማን እንደነገራቸው ዛሬም አላውቅም። የቅሬ ጩኸት የሰማ መኮንን የሰዉን መውጣት አይቶ በራሱም ሊገባው ይችላል።

እኛም በዚያው ተበተንን። እህል የሌለው ሰው ተራራ ላይ አይከርምም። አባ እንድሪስ ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ ሲሉ ሰማሁ፤ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። ኮታው ከእኛ በኋላም ተሰበሰበ። መንግሥቱን በመጨረሻ የጣሉት ሌሎች ናቸው፤ በአውራ ጎዳናው አለፉ፣ ቀና ብሎ ጉባውን ያየ አልነበረም።

ልጆቹ ስንት ሰው ሞተ እያሉ ይጠይቁኛል። አምስት። ይማም፣ ከማል፣ ጌታው፣ አህመድና ሁሴን ናቸው። የአራጌን እናት ጨምረው ስድስት የሚሉ አሉ፤ የዚያ ቀን ሙታን ናቸው ይላሉ። ሴትዮዋ ክፉ አላደረጉብኝም፣ አሏህ ይማራቸው። ግን አልቆጥራቸውም። እሳቸው አልጋቸው ላይ ሞተው በሙሉ ቅሬ ተቀብረዋል።